ጋዝና ጥቃቅን የቅይጥ ብረት ክላስተሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመኪና ጭስ ማስወጫ፣ ፊዩል ሴል (ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ) እና የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ የሚጋሩት ነገር አለ። በሦስቱም ውስጥ ጋዝ በጣም ትንንሽ የብረት ቅንጣቶች ላይ ያርፋል፣ እዚያ ይሰበራል ወይም ከሌላ ጋር ይገጣጠማል፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሆኖ ይሄዳል። ቅንጣቶቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ብረት የተቀላቀለባቸው ናቸው። ተማሪዎችና የሳይንስ ወዳጆች ስለዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ። «ብረት» ስል ወርቁንም፣ ብሩንም፣ ፕላቲነሙንም ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ብዙ ሰው ብረቱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጋዙ ብቻ የሚለወጥ ይመስለዋል። በዚህ መጠን ግን ጋዙም ብረቱን ይለውጠዋል። መልሶቼ ደጋግመው ወደዚህ የሚመለሱት ለዚህ ነው።

ክላስተር የሚባለው ምን ያህል ትንሽ ሲሆን ነው?

ከጥቂት አቶሞች እስከ ጥቂት መቶዎች፣ ሲበዛ እስከ ሺዎች። በስፋት 1 ወይም 2 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ናኖ ቅንጣት ይባላል። ድንበሩ ቁርጥ ያለ አይደለም።

ቁጥሮቹን ማየት ይጠቅማል። አቶሞች ተጠጋግተው ክብ መሰል ቅርጽ ሲሠሩ ደጋግመው የሚመጡ ቁጥሮች አሉ፦ 13፣ 55፣ 147፣ 309። 13 አቶም ካለው ክላስተር ውስጥ 12ቱ ውጭ ናቸው፤ መሃል ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። ከ55ቱ 42ቱ ገጽ ላይ ናቸው፣ ከ147ቱ 92ቱ፣ ከ309ኙ ደግሞ 162ቱ። በእጅ በምንይዘው የብረት ቁራጭ ውስጥ ግን ገጽ ላይ ያለው አቶም ከጠቅላላው አንጻር ከቁጥር አይገባም። ግንዱ ሳይፈለጥ ቶሎ እሳት አይዘውም፤ ፍልጡ ግን ወዲያው ይቀጣጠላል። እዚህም እንደዚያው ነው። ጋዙ የሚያገኘው ውጭ ያለውን ብቻ ስለሆነ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ሥራ ላይ የሚውለው አቶም ይበዛል። ፕላቲነምና ሮዲየም ምን ያህል ውድ እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። እንደ ወርቅና ፕላቲነም ባለ ብረት ውስጥ፣ ከመሃል ያለ አቶም 12 ጎረቤቶች አሉት። ለጥ ያለ ገጽ ላይ ያለው 9። በ55ቱ ክላስተር ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ 6 ብቻ። ጎረቤት የጎደለው አቶም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣውን ጋዝ አጥብቆ ይይዛል።

ጋዝ ብረት ላይ «ተጣበቀ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሞለኪውሉ በደካማ ስበት ብቻ ይጠጋል። ትንሽ ሲሞቅ ተነስቶ ይሄዳል። በሁለተኛው ከብረቱ ጋር ኤሌክትሮን ተጋርቶ እውነተኛ ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራል። ሦስተኛው ከዚያም ያልፋል፤ ሞለኪውሉ ገጹ ላይ ለሁለት ይሰበራል።

ሦስተኛው ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። የሃይድሮጅንን ሞለኪውል ለመስበር በሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውልን በጅምላ በሚቆጥሩበት መለኪያ) 436 ኪሎጁል ያስፈልጋል፣ ለኦክስጅን 498፣ ለናይትሮጅን ደግሞ 945። ባዶ አየር ላይ ይህን ለማድረግ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ይፈልጋል። ፓላዲየም ወይም ፕላቲነም ላይ ግን ሃይድሮጅን በክፍል ሙቀት ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የሃይድሮጅን አቶም ወዲያው ከብረቱ ጋር አዲስ ትስስር ያገኛል። ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ የሚሠራው ሥራ ባጭሩ ይኸው ነው።

ለምን ሁልጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠቀሳል?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ከሰል አጭሶ መተኛት የሚገድለው በዚህ ጋዝ ነው፤ ይህን እኛ አገር የማያውቅ የለም። በደማችን ሄሞግሎቢን ውስጥ ያለውን አይረን (በተለምዶ ብረት ብቻ የምንለውን) ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ፕላቲነምንና ፓላዲየምን የሚይዝበት መንገድም ከዚህ ጋር ዝምድና አለው። ካርቦኑ በኩል ያለው ኤሌክትሮን ወደ ብረቱ ይሄዳል፤ ብረቱ ደግሞ ከራሱ ኤሌክትሮን ወደ ሞለኪውሉ ይመልሳል። ልውውጡ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሆነ ትስስሩ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህ ጋዝ ስለ ገጹ ብዙ ነገር ይነግረናል። ነፃ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ 2143 ሞገድ በሴንቲሜትር የሚሆን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይመጥጣል። አንድ የፕላቲነም አቶም አናት ላይ ሲቀመጥ ቁጥሩ ወደ 2050 እና 2100 መካከል ይወርዳል። በሁለት አቶሞች መካከል ሲቀመጥ ደግሞ እስከ 1850 አካባቢ ይደርሳል። ብረቱ የመለሰው ኤሌክትሮን የካርቦኑንና የኦክስጅኑን ትስስር ስለሚያላላው ነው። ስለዚህ ብርሃኑን የለካ ሰው ሞለኪውሉ የት እንደተቀመጠ ያውቃል። ቅይጥ ላይ ይህ በጣም ይጠቅማል። ፓላዲየም ላይ ወርቅ እየጨመርን ስንሄድ በሁለት ፓላዲየሞች መካከል የመቀመጡ ምልክት እየደበዘዘ ይጠፋል። ፓላዲየሞቹ ተነጣጥለው በወርቅ ተከበዋል ማለት ነው።

ወርቅ ከምንም ነገር ጋር አይዋሃድም ይባል የለ?

በትልቅነቱ እውነት ነው። ለጥ ያለ የወርቅ ገጽ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከክፍል ሙቀት እጅግ ባነሰ ቅዝቃዜ እንኳ ለቆ ይሄዳል፤ ኦክስጅንም አይሰበርበትም። ለዚህ ነው ቀለበት የማይዝገው። ሃመርና ኖርስኮቭ የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1995 ምክንያቱን በኤሌክትሮኖቹ አደረጃጀት አብራርተዋል፤ ማብራሪያቸው ዛሬም የዚህ ዘርፍ መነሻ ነው።

ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ ግን በ1987 ሌላ ነገር አሳየ። ወርቁን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ አድርጎ እንደ አይረን ኦክሳይድ ባሉ ነገሮች ላይ ሲበትነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ጋር ከዜሮ በታች በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ማዋሃድ ቻለ። ያኔ ወርቅ ለካታሊስትነት አይረባም ብሎ ያልደመደመ ኬሚስት ጥቂት ነበር። በ1999 ደግሞ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ላይ የተቀመጠ 8 አቶም ብቻ ያለው የወርቅ ክላስተር ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራ ታየ።

ቅንጣቱ የተቀመጠበት ነገርም ድርሻ አለው። ኦክሳይዱ ኤሌክትሮን ሊሰጥ፣ ኦክስጅን ሊያቀብል ወይም ክላስተሩን አጣብቆ ሊይዝ ይችላል። «ወርቅ ሠራው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ምን ላይ ተቀምጦ የሚለው መጨመር አለበት።

አንድ አቶም መጨመር ወይም መቀነስ እውነት ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ እኔን በዚህ ዘርፍ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸውን የወርቅ ክላስተሮች ከኦክስጅን ጋር ስናገናኝ፣ በጥቅሉ 2፣ 4፣ 6 እያለ ሙሉ ቁጥር አቶም ያላቸው ኦክስጅኑን ይይዛሉ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው አይነኩትም። እያንዳንዱ የወርቅ አቶም አንድ ውጫዊ ኤሌክትሮን አለው፤ በቻርጁ ምክንያት አንድ ይጨመራል። አቶሞቹ ሙሉ ቁጥር ሲሆኑ የኤሌክትሮኑ ድምር ጎዶሎ ይሆናል። ጥንድ ያጣው ኤሌክትሮን ለኦክስጅን ይሰጣል።

ቅይጥ እዚህ ሲገባ ሂሳቡ ያምራል። አንዱን ወርቅ በብር ብንተካው ድምሩ አይለወጥም፤ ብርም አንድ ውጫዊ ኤሌክትሮን ነው ያለው። በፓላዲየም ብንተካው ግን ቆጠራው ይዛባል፤ ፓላዲየም ያቺ አንድ ኤሌክትሮን የለችውም። በአንድ አቶም ልዩነት ጋዝ የሚይዝ ክላስተር የማይዝ፣ የማይዝ የነበረው የሚይዝ ሊሆን ይችላል።

አሉሚኒየምም የታወቀ ምሳሌ አለው። በ1989 በአሜሪካ የካስልማን ቡድን የአሉሚኒየም ክላስተሮችን በኦክስጅን ሲያጠቃ አብዛኞቹ ተበልተው አለቁ። 13 አቶምና አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ግን ጸንቶ ቀረ። እያንዳንዱ የአሉሚኒየም አቶም 3 ውጫዊ ኤሌክትሮን አለው፤ 13 በ3 ሲባዛ 39፣ አንድ ሲጨመር 40። 40 የኤሌክትሮኖቹ ዙር ሙሉ የሚሆንበት ቁጥር ነው። አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ምን ያህል እንደሚፈላለግ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛውን ብረት መቀላቀል ምን ይጠቅማል?

ሦስት ጥቅም አለው። ሦስቱም ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ለያይቶ ማየቱ ነው አስቸጋሪው።

አንዱ ቦታ ማሳጣት ነው። አንዳንድ ኬሚካላዊ ምላሽ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሦስት ተመሳሳይ አቶሞች ይፈልጋል። በመካከላቸው ሌላ ብረት ከገባ ያ ምላሽ ይቆማል፤ አንድ አቶም የሚበቃው ግን ይቀጥላል። ኤቲሊን የተባለውን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ይህን ይጠቀሙበታል። ኤቲሊኑ ውስጥ የሚገኘው ትንሽ አሴቲሊን ቀጥሎ የሚመጣውን የፕላስቲክ ሥራ ስለሚያበላሽ፣ ሃይድሮጅን ጨምረው ወደ ኤቲሊን ይለውጡታል። ንጹሕ ፓላዲየም አይቆምም፤ ኤቲሊኑንም አብሮ ወደ ኤቴን ይወስደዋል። ብር ሲቀላቀልበት ግን ፓላዲየሙ ተነጣጥሎ ኤቲሊኑ ሳይጎዳ ቶሎ ይለቃል።

ሌላው የኤሌክትሮን ለውጥ ነው። ጎረቤት ሲቀየር የአቶሙ ኤሌክትሮኖች የኃይል ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ከፍ ካለ ጋዙን አጥብቆ ይይዛል፣ ዝቅ ካለ ያላላዋል።

ሦስተኛው መጨናነቅና መወጠር ነው። ኒኬልና ኮባልት ከፕላቲነም ያነሱ አቶሞች ናቸው። ከፕላቲነም ገጽ ሥር ሲቀመጡ ገጹን ወደ ውስጥ ይስቡታል፤ የተጨናነቀ ፕላቲነም ደግሞ ኦክስጅንን ትንሽ አላልቶ ይይዛል። በፊዩል ሴል ውስጥ የሚፈለገውም ይኸው ነው። በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሦስት እጅ ፕላቲነምና አንድ እጅ ኒኬል ያለው ክሪስታል፣ በአንድ የተመረጠ ገጹ ላይ፣ ኦክስጅንን ወደ ውሃ በመለወጥ ተመሳሳይ ገጽ ካለው ንጹሕ ፕላቲነም 10 እጥፍ የተሻለ መሆኑን አሳየ። በ2014 ገበያ ላይ የወጣው ቶዮታ ሚራይ የተባለው የፊዩል ሴል መኪናም የፕላቲነምና ኮባልት ቅይጥ ነው የሚጠቀመው።

የፕላቲነምና ሩተኒየም ጥምረት ከእነዚህ ትንሽ ይለያል። ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ሃይድሮጅን ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ ይመጣል። በ80 ዲግሪ በሚሠራ ፊዩል ሴል ውስጥ ከሚሊዮን 10 እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ፕላቲነሙን እየሸፈነ አቅሙን ይቀንሳል። ሩተኒየም ከውሃ ኦክስጅን ያለበትን ቁራጭ በቀላሉ ይይዛል፤ ያ ቁራጭ ጎረቤት ፕላቲነም ላይ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለውጦ ያስወግደዋል። ዋታናቤና ሞቶ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የሥራ ክፍፍል በ1975 ነበር ያብራሩት።

አንድ ብቸኛ አቶም ቢሆንስ?

ይሠራል። በ2012 በአሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የቻርልስ ሳይክስ ቡድን መዳብ ገጽ ላይ እዚህም እዚያም ነጠላ የፓላዲየም አቶሞችን አስገባ። መዳብ ብቻውን ሃይድሮጅንን መስበር ይከብደዋል። ፓላዲየሙ ሰበረው፤ የተሰበሩት አቶሞችም ወደ መዳቡ ተሻገሩ። መዳቡ ደግሞ አላልቶ ስለሚይዛቸው ለቀጣዩ ምላሽ በቀላሉ ይሰጣቸዋል። በጥቂት ውድ ብረት ብዙ ሥራ የሚሠራበት መንገድ ስለሆነ ትልቅ ተስፋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ቅይጡ ውስጥ ካሉት ብረቶች ገጹ ላይ የሚወጣው የትኛው ነው?

ከሁሉም ጥያቄ ይህን እወደዋለሁ፤ ትክክለኛው መልስ «በየትኛው ጋዝ ውስጥ?» ብሎ መጠየቅ ስለሆነ።

ባዶ ቦታ ውስጥ፣ ማለትም ቫኪዩም ውስጥ፣ መልሱ ቀላል ነው። ገጽ ላይ መሆን ኃይል ይጠይቃል፤ ይህ ኃይል የሚያንሰው ብረት ወደ ውጭ ይወጣል። ሰፋ ያለው አቶምም እንደዚሁ ውጭውን ይመርጣል። ስለዚህ ወርቅና ፓላዲየም ሲቀላቀሉ ወርቁ ውጭ ይሆናል። ብርና ፓላዲየም ሲቀላቀሉ ብሩ። ፕላቲነምና ኒኬል ሲቀላቀሉ ፕላቲነሙ።

አሁን ካርቦን ሞኖክሳይድ እናስገባ። ጋዙ ፓላዲየምን አጥብቆ ይፈልጋል፤ ወርቅን ግን እምብዛም። ፓላዲየሙ ወደ ገጹ ቢወጣ በሚፈጠረው ትስስር የሚገኘው ኃይል፣ ወርቁን ወደ ውስጥ ለማስገባት ከሚከፈለው ይበልጣል። ስለዚህ ፓላዲየሙ ይወጣል። ኦክስጅን ካስገባን ደግሞ ከኦክስጅን ጋር የሚስማማው ይወጣል፤ በፕላቲነምና ኒኬል ቅይጥ ውስጥ ተራው የኒኬሉ ነው።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በ2008 በካሊፎርኒያ በርክሊ የጋቦር ሶሞርጃይና የሥራ ባልደረቦቹ ቡድን፣ ሮዲየምና ፓላዲየም ያለባቸውን ናኖ ቅንጣቶች ጋዝ ውስጥ እንዳሉ በኤክስሬይ ተከታተለ። ሙቀቱ 300 ዲግሪ ነበር። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲገባ ሮዲየሙ ወደ ገጹ ወጣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመር ፓላዲየሙ ወጣ። ጋዙን መልሰው ሲቀይሩት ቅንጣቱም አብሮ ተመለሰ። ፕላቲነምና ፓላዲየም ያላቸው ቅንጣቶች ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ለውጥ አላሳዩም።

ቅርጹም ይለወጣል። በ2002 የዴንማርኩ ቶፕሶ ኩባንያ ተመራማሪዎች ዚንክ ኦክሳይድ ላይ የተቀመጡ የመዳብ ቅንጣቶችን ጋዝ ውስጥ እንዳሉ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። የውሃ ትነት ሲኖር ቅንጣቶቹ ክብ ወደ መሆን አደሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመር ደግሞ ጠፍጠፍ አሉ።

ስለዚህ አንድ ጥናት «የክላስተሩ ገጽ በወርቅ የተሸፈነ ነው» ሲል ካያችሁ፣ መጀመሪያ ልኬቱ በምን ጋዝ፣ በምን ግፊትና በምን ሙቀት እንደተሠራ ፈልጉ። ይህ ካልተጻፈ ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ያለው ክላስተርና ከላብራቶሪ ጠርሙስ የወጣው ክላስተር አንድ ዓይነት ብረት ይዘው ሁለት የተለያዩ ገጾች ሊኖሯቸው ይችላል።

አጥብቆ የሚይዝ ብረት የተሻለ ካታሊስት ነው?

አይደለም። በጣም ካላላ ጋዙ ሳይሠራ ይሄዳል፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ቦታውን ይዞ ይቀራል። የሚፈለገው መካከለኛው ነው። በ1912 ኖቤል የተሸለመው ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲየ ነው ይህን ሐሳብ ያስጀመረው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። መቀላቀል የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው፤ ንጹሕ ብረቶች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፣ ቅይጥ ግን መጠኑን እየቀያየርን መካከለኛውን እንድንፈልግ ዕድል ይሰጣል።

ጋዙ ውስጥ ድረስ ሊገባ ይችላል?

ሃይድሮጅን ከሆነና ብረቱ ፓላዲየም ከሆነ፣ አዎ። ቶማስ ግርሃም በ1866 ፓላዲየም ከራሱ ይዘት ብዙ መቶ እጥፍ፣ እስከ 900 እጥፍ የሚጠጋ ሃይድሮጅን እንደሚመጥ አሳይቷል። ችግሩ ሲመጥ ያብጣል፣ ሲለቅ ይሸማቀቃል፤ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። ሩብ የሚጠጋ ብር ሲቀላቀልበት ይህ ችግር በእጅጉ ይቃለላል። ሃይድሮጅን የሚያጣሩ ስስ የፓላዲየምና ብር ሉሆች በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። በክላስተር መጠን ግን ውስጡ ራሱ ጥቂት አቶም ስለሆነ ገጽና ውስጥ ብሎ መለየቱ ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ እንዴት ነው የሚለኩት?

መንገዱ ብዙ ነው። ጋዝ ውስጥ የሚንሳፈፉ ክላስተሮችን በሌዘር ከብረት ላይ አንስቶ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር በክብደታቸው መለየትና ጋዝ ማስነካት ይቻላል። ስንት ሞለኪውል እንደያዙ ክብደታቸው ይነግራል። ገጽ ላይ የተቀመጡትን ደግሞ በኢንፍራሬድ፣ በኤክስሬይ ወይም እያሞቁ ጋዙ በስንት ዲግሪ እንደሚለቅ በማየት ያጠኗቸዋል። ገርሃርድ ኤርትል እነዚህን ዘዴዎች በጥንቃቄ አጣምሮ አሞኒያ አይረን ላይ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ፕላቲነም ላይ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚሠሩ አሳይቷል፤ በ2007 ኖቤል አግኝቷል።

ትልቁ ፈተና ግፊቱ ነው። በተራ አየር ግፊት ገጽ ላይ ያለች እያንዳንዷ አቶም በሰከንድ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ጊዜ በጋዝ ሞለኪውል ትመታለች። ንጹሕ ገጽ ለማየት ግፊቱን በብዙ ቢሊዮን እጥፍ መቀነስ ያስፈልጋል። ግን ያኔ የምናየው ገጽ ሥራ ላይ ካለው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ለዚህ ነው ባለፉት ዓመታት ጋዝ ውስጥ እያሉ መለካት ይህን ያህል ትኩረት ያገኘው።

ኮምፒውተር መልሱን አይሰጥም?

በጣም ይረዳል። ዋልተር ኮን በ1998 ኖቤል ያገኘበት የኤሌክትሮን ጥግግት ስሌት ዛሬ የዘርፉ ዋና መሣሪያ ነው። ግን ሁለት ነገር አትርሱ።

የመጀመሪያው የምርጫው ብዛት ነው። 6 አቶም የአንድ ብረት፣ 7 አቶም የሌላ ብረት ቢኖረንና በ13 ቦታዎች ብናስቀምጣቸው 1716 አደራደር አለ። በመመሳሰል ቁጥሩ ቢቀንስም፣ ወደ 55 ስንሄድና ግማሽ በግማሽ ስንቀላቅል ከ3,000 ትሪሊዮን በላይ ይሆናል። ሁሉንም ማስላት የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ጥሩዎቹን ብቻ እያሳደዱ የሚፈልጉ ዘዴዎች ያስፈልጋሉ። ጋዝ ሲጨመር ደግሞ ፍለጋው እንደገና ይጀመራል፤ ያለ ጋዝ ያሸነፈው አደራደር ከጋዝ ጋር ላያሸንፍ ይችላል። ባዶውን ክላስተር ብቻ አስልቶ ጋዙን በመጨረሻ መለጠፍ የተለመደ አሠራር ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም።

ሁለተኛው የስሌቱ ስህተት ነው። በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የተለመዱት ስሌቶች ካርቦን ሞኖክሳይድ ለጥ ያለ ፕላቲነም ላይ በሦስት አቶሞች መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል ይላሉ። ልኬቱ ግን በአንድ አቶም አናት ላይ ነው ይላል። ይህን ያህል በተጠና ገጽ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ክላስተር ላይ ውጤትን ከልኬት ጋር ማመሳከር ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ከመኪናችን ጋር ምን አገናኘው?

የቤንዚን መኪና ጭስ ማስወጫ ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በጥቃቅን ቅንጣት መልክ ይዟል። ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ከኦክስጅን ጋር ያዋህዳል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ወደ ናይትሮጅን ይመልሳል። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ሞዴል መኪኖች ጀምሮ በስፋት ገብቷል።

መኪናው ጠዋት ሲነሳ ጭሱ የሚከብደው ኮንቨርተሩ ስላልሞቀ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ የብረቱን ገጽ ሸፍኖ ኦክስጅኑ የሚሰበርበት ቦታ ያሳጣዋል። ሲሞቅ ጥቂቱ ይለቃል፣ ኦክስጅን ይገባል፣ ከዚያ ሥራው ይፋጠናል። ኢርቪንግ ላንግሚዩር ይህን መሸፈን በ1922 ፕላቲነም ላይ ገልጾታል።

ኮንቨርተሩን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ መርዝ ነው። ቀድሞ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው ሊድ (እርሳስ) ብረቱን ይሸፍነው ነበር፤ ሰልፈርም አጥብቆ ይይዘዋል። ሌላው ሙቀት ነው። ትንንሾቹ ቅንጣቶች እየተጓዙ ይዋሃዱና ትልልቅ ይሆናሉ፤ ገጹ ይቀንሳል። በናፍጣ መኪኖች ፕላቲነሙ ላይ ፓላዲየም የሚጨመረው አንዱ ምክንያት ይህን መዋሃድ ለማዘግየት ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ያሉት ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ኮንቨርተሩን አስወልቆ መሸጥ ለባለቤቱ ጥቂት ገንዘብ ቢያስገኝም፣ ያ ሁሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኋላ ለሚሄደውና መንገድ ዳር ለሚቆመው ሰው ነው የሚተርፈው። እባካችሁ አታስወልቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኜ በዚህ ዘርፍ መሥራት እችላለሁ?

በስሌቱ በኩል፣ አዎ። ውድ የቫኪዩም መሣሪያ ባይኖርም ኳንተም ኤስፕሬሶና ጂፖው የተባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። በኤሌክትሮን አወቃቀር ስሌት ላይ የሚያተኩረው የአፍሪካ ትምህርት ቤት፣ አሴስማ የሚባለው፣ በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ ነበር። ትሪየስት፣ ጣሊያን ያለው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከልም ከአፍሪካ የሚመጡ ወጣቶችን ለረጅም ዓመታት አሠልጥኗል።

ለመጀመር ቅይጥ አትንኩ። መጀመሪያ ነፃውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል ብቻውን አስሉ፤ የመንቀጥቀጡ ቁጥር ከ2143 ብዙ ከራቀ የስሌታችሁን ቅንብር አስተካክሉ። ቀጥሎ ለጥ ያለ ፓላዲየም ላይ አስቀምጡትና የታተመ ልኬት አጠገቡ አድርጋችሁ እዩ። ከዚያ ትንሽ የፓላዲየም ክላስተር፤ ከዚያ አንዱን አቶም በብር ተኩ። በየደረጃው ጋዙን አውጡና አስገቡ፤ አቶሞቹ ቦታ ሲቀያየሩ ካያችሁ ፋይሉን አስቀምጡት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥያቄ እዚያ ውስጥ አለ።